የ312 ሳል

ጥቅምት 6

ለተከበሩት የምክር ቤት አባል፣ ለእኔ ደግሞ ለሚስቴ፤

ከጥጥ ማበጠሪያው ክፍል ብናኝ የተረፈኝን ሰላምታ ሁሉ ሰብስቤ ልኬልሻለሁ። እናትሽ ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ይቆረጥማቸዋል እንጂ ምላሳቸው ምንም አልሆነም። ትናንት በሬዲዮ ስትናገሪ እየሰማሁ ራሴን እነቀንቅ ነበርና «አታይህም፣ ለማን ነው የምትነቀንቀው?» አሉኝ። የኩሽናው በር ማጠፊያ ወልቆ ነበር፣ ሠርቼዋለሁ።

ስለ ሳሌ ለጠየቅሽኝ፣ ጠፍቷል። ከስቷል ብለው እናትሽ አስጽፈውልሽ ከሆነ አትስሚያቸው። የሥራ ቱታዬ የሰፋኝ ስለታጠበ ነው።

ደብዳቤሽን የአውቶቡሱ ሾፌር በእጄ ሰጠኝ፤ ማሸጊያው አልተነካም። ስልክሽ ላይ ሦስተኛ ጆሮ ከተቀመጠ ወዲህ ትዳራችን በዚህ ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነው የሚመላለሰው፤ እድሜ ይስጠው። አሁን የምጽፈውን ግን እሱም ባያየው እወዳለሁ።

ደብዳቤሽ ሁለት ገጽ ነው። ስለ እናትሽ ሦስት መስመር፣ ስለ እኔ ሁለት መስመር፣ ስለዚያ እንፋሎት ስለምንለው ሰውዬ አንድ ገጽ ሙሉ። ይበላል ወይ? ከፈረቃ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይራመዳል ወይ? አሁንም ብቻውን ነው የሚኖረው? እሺ የኔ እመቤት፣ ልመልስ። የቦይለር ቤቱ ጌታ፣ በሠርጋችን ዕለት ከዘመዶችሽ ሁሉ በላይ የጨፈረው ሰውዬ፣ ይበላል። የከሰል አካፋውን እንደ ሻይ ማንኪያ ነው የሚያነሳው። ይራመዳል፤ ከእኔ ይልቅ ቀጥ ብሎ። ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወንድምም እህትም የለውም፤ ይህንን ሁሉ ደግሞ አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂያለሽ።

ቅናት እንዳይመስልሽ። ይልቅ ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ቅናት ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሳለሽ አንቺና እሱ ከውስጥ ሆናችሁ ወረቀት ስታባዙ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ሰው የምጠብቀው ሰውዬ ነበርኩ። ከውስጥ ሳቅ በተሰማ ቁጥር ዓይኔ ደም ይለብስ ነበር። ምን እንደሚያስቃችሁ እስከ ዛሬ አልነገራችሁኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ግን ልጠይቅ። ለምንድን ነው የእንፋሎትን አረማመድ የምትጠይቂኝ?

እናትሽ «ልብሷን ደርባ ትልበስ» ብለዋል።

መላሽሽ፣ ባልሽ


ጥቅምት 17

ለቀናተኛው ባሌ፤

ደብዳቤህን ሳነብ ሳቅሁ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ። አከራዬ ግድግዳውን ደበደበችብኝ። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ አልጋው ላይ ተቀምጬ በሩን መክፈት እችላለሁ። መስኮቱ የመኪና ጎማ የሚጠግን ሰው ደጅ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ስለዚህ ንግግሬን የምለማመደው በመዶሻ ታጅቤ ነው። እበላለሁ። ልብስም እደርባለሁ በላት።

ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅር በለኝ። ስለ አንተ ሁለት መስመር ብቻ ስለጻፍኩም ይቅር በለኝ፤ ምክንያቱን ስትሰማ ታፍራለህ።

እዚህ እኛ ተቃዋሚዎች ሰባት ነን። የምንቀመጠው መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ማይክሮፎኑ ሲፈልግ ብቻ የሚሠራበት ቦታ ነው። ጥያቄ የመጠየቅ ተራ በዕጣ ነው፤ በሳምንት አንድ ሰው፣ አንድ ጥያቄ። ሦስት ሳምንት ጠብቄ ዕጣው ሲወጣልኝ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጠየቅሁ። በፋብሪካው የስንት ሰው ሳንባ ተጎድቷል? በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ክሊኒክ የገባን ሠራተኛ «ለሥራው ብቁ አይደለም» ብሎ የሚያባርረውን ደንብ ማን አጸደቀው? ከተባረረ በኋላስ ቤተሰቡ ምን በልቶ እንዲያድር ታስቧል?

ሚኒስትሩ ፈገግ አሉ። «ድህነት እየቀነሰ ነው፤ ሠራተኛውም ጤነኛ ነው» አሉ። የፋብሪካችንን የክሊኒክ መዝገብ ግልባጭ ከፍ አድርገው አሳዩና «ከሁለት ጊዜ በላይ ክሊኒክ የሄደ አንድ ሰው ፈልገው ያሳዩኝ» አሉኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጆሮዬ እስኪግል ተቀመጥኩ።

መዝገቡን ወሰድኩና መስመር በመስመር አነበብኩት። እንደምታውቀው ነርሷ ቀን፣ የሠራተኛ ቁጥርና ሕመም ብቻ ነው የምትጽፈው። በመጀመሪያ የፈለግሁት የአንተን ቁጥር ነው። አንድም ቀን የለም። ተመስገን ብዬ ትንሽ አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም። ከዚያ 312ን አገኘሁት። ሁለት ጊዜ ገብቷል። በመጀመሪያው «ከባድ ሳል» ይላል። በሁለተኛው «ደም የቀላቀለ ሳል፣ ራጅ ያስፈልገዋል» ይላል። 312 እንፋሎት ነው። ቦይለር ቤት የጥጥ ብናኝ የለም፤ የከሰሉ ጭስ ይሆናል አልኩ።

ጻፍኩለት። የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ሳሉ እውነት ነው፤ ሌላውን አትጠይቂኝ።» ያ ሁሉ ወሬኛ ሰው በአንድ መስመር ዝም ሲል አንጀቴን በላው።

ሾፌሩ የያዘው ፖስታ ውስጥ መድኃኒትና እዚህ ሳንባ ሆስፒታል የተያዘለት ቀጠሮ አለ። በሞቴ፣ በእጁ ስጠው። እንደ ወንድም ሆነህ ስጠው፤ ፊትህን አታጥቁርበት።

አንተስ? ስለ ራስህ ለምን አትጽፍልኝም?

ባለቤትህ


ጥቅምት 26

ለሩኅሩኋ ሚስቴ፤

ሰላም ብዬሻለሁ። እናትሽም ሰላም ይሉሻል፤ ጋዜጣ ላይ የወጣውን ፎቶሽን አይተው «ይህቺ ከስታለች፣ አንተም ከስተሃል፣ ማን ነው ታዲያ የምሠራውን የሚበላው?» ብለዋል።

ፖስታውን ለእንፋሎት በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ፊቴን አላጠቆርኩም፤ የጠቆረ ከነበረ የማሽን ዘይት ነው። ቀጠሮውን አየው፣ እኔን አየኝ። ፈረቃው አልተቀየረለትምና ቀጠሮው አልፏል። መድኃኒቱ ግን እየተወሰደ ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። በጣም ይመራል።

ታፍራለህ ብለሽኝ ነበር። አላፈርኩም። ምን እንደሆንኩ ልንገርሽ? ፖስታው ላይ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈትሽ «ከምግብ በኋላ፣ ብዙ ውኃ ጠጣበት፣ አደራ» ብለሽ ከሥሩ ሁለቴ አስምረሽበታል። እኔ ጣቴን ማሽን የበላኝ ጊዜ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? «ታጠበውና ና፣ ራት ቀርቧል።» በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳር አንድም ቃል አስምረሽልኝ አታውቂም። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ጸጉሬ እየሸበተ ነው፣ በመድኃኒት ፖስታ እቀናለሁ። ሳቂብኝ።

ከሳቅሽ በኋላ ግን ይህንን አስቢልኝ። የኔን ቁጥር መዝገቡ ላይ በማጣትሽ ደስ ብሎሻል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ብናኝ ውስጥ የሠራ ሰው አንድ ቀን እንኳ ክሊኒክ ሳይረግጥ ሲቀር አይገርምሽም? በማኅበሩ ጊዜ ሌላ ሰው እንዲህ ቢልሽ «ውሸታም፣ ደረትህን አሳየኝ» ትይው ነበር።

ስለ ራሴ ምን ልጻፍ? ደህና ነኝ። በጀርባዬ መተኛት ትቼ ትራስ ተደግፌ ነው የምተኛው፤ ሰፊ አልጋ ላይ ብቻውን የቀረ ሰው እንዴት እንደሚተኛ ይጠፋዋል።

ባልሽ


ኅዳር 8

ውድ ባሌ፤

በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። ያለፈውን ደብዳቤህን በደንብ አላነበብኩትም፣ ይቅር በለኝ። ግማሹን ደረጃ ላይ፣ ግማሹን ወረፋ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። የተቆጣህ መሰለኝ። ስመጣ ትቆጣኛለህ፤ አሁን ግን እርዳኝ።

በሬዲዮ ሳትሰማ አትቀርም። ዕጣው እንደገና ወጣልኝና 312ን አነሳሁ። እንፋሎት በሾፌሩ በኩል «ቁጥሬን አንብቢው» ብሎ ፈቅዶልኛል። «ደም እየተፋ፣ እንጀራውን እንዳያጣ ሦስተኛ ጊዜ ክሊኒክ መግባት የፈራ ጀግና አለ» አልኩ። ድምፄ ተሰበረ፤ ይሰበራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሚኒስትሩ ተነሱ። ኅዳር 20፣ ሐሙስ፣ ከዚህ የሚላኩ ሐኪሞች ሠራተኛ ቁጥር 312ን ይመረምራሉ። ታሞ ከተገኘ የሦስት ጊዜውን ደንብ ያነሳሉ። ጤነኛ ከሆነ ግን እኔ በምክር ቤቱ ፊት በመዋሸት ለሥነ ምግባር ኮሚቴ እቀርባለሁ፤ እሱም በሐሰት ምስክርነት ከሥራው ይባረራል። በሰው ሁሉ ፊት «እስማማለሁ» አልኩ። እንዴት አልስማማ? የነርሷ ጽሕፈት በእጄ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ሐሙስ አብረኸው ሂድ። ክንዱን ይዘህ አስገባው፤ ሰውዬው ብቻውን ነው። እኔን ከወደድክ ይህንን አድርግልኝ።

ባለቤትህ


ኅዳር 12

ለሚስቴ፤

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይህኛውን ሳልቀደው ለሾፌሩ ልስጠው።

እንፋሎት አልታመመም። እንደ በሬ ጤነኛ ነው። ሳሉ የኔ ነው፤ ደሙም የኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነርሷ የምትጽፈው አንገታችን ላይ ያለውን የቆርቆሮ ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። ፊትም አታይም፤ ካየችም አይታ እንዳላየች ትሆናለች። የሦስት ጊዜው ደንብ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሲመጣ፣ ጤነኛው ለበሽተኛው ቁጥሩን ማዋስ ጀመረ። ማበጠሪያ ክፍል ግማሹ በሰው ቁጥር ነው የሚታከመው። የኔ ቁጥር ደግሞ የአንቺ ባል ቁጥር ነው፤ ገና አንዴ እንደገባሁ ሹሞቹ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መጠበቅ ይጀምራሉ። እንፋሎት ይህን ስለሚያውቅ እምቢ እያልኩት የራሱን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ለሚኒስትሩ ያስጨበጨበላቸው መዝገብ የኛው የእጅ ሥራ ነው። ሰው እንዳይባረር ብለን በሽታችንን ከወረቀት ላይ አጠፋነው፤ አንቺም ፈልገሽ አጣሽው።

ለምን ደበቅከኝ ትያለሽ። በመጀመሪያ፣ ሁሉን ትተሽ እንዳትመጪ ፈርቼ ነው። ይሄ እውነት ነው፤ ያምራልም። ሌላውም እውነት ነው፤ እሱ ግን አያምርም። በራስሽ እንድታውቂው ፈለግሁ። ጠፍቷል ስልሽ «አልጠፋም» እንድትይኝ ጠበቅሁ። አንቺ ግን የሰው ቁጥር ላይ ያየሽውን ሳል አለቀስሽለት፣ ሐኪም ፈለግሽለት፣ መድኃኒት ላክሽለት። መድኃኒቱን እየዋጥኩ በመድኃኒቱ ቀናሁ። በሬዲዮ ድምፅሽ ሲሰበር እናትሽ እንባቸውን ጠረጉ፤ እኔ ወጥቼ ደጅ ላይ ቆምኩ። ሚስቴ ለሌላ ወንድ አለቀሰች ብዬ ነው የተንገበገብኩት። ያ ወንድ እኔ እንደሆንኩ እያወቅሁ። ከዚህ የባሰ ቅናት ካለ ንገሪኝ፤ በገዛ ሳሌ ቀናሁ።

እንፋሎት ቁጥሩን እንድታነቢ የፈቀደው «የማንም ይሁን የማን፣ ሳሉ ይሰማ» ብሎ ነው። ምርመራ ይመጣል ብሎ አላሰበም። አሁን ሐሙስ ደረቱን ገልጠው ሲያዩት ምንም አያገኙም። አንቺ ውሸታም ትባያለሽ፣ እሱ ከእንጀራው ይነቀላል። ሁሉንም ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ምን ላድርግ?

ባልሽ


ኅዳር 15

ደብዳቤህን ቆሜ ጀመርኩት፣ ተቀምጬ ጨረስኩት።

ሰላምታ የለኝም። ሰላም አይደለሁም።

ደም ትተፋለህ፤ እንፋሎት ያውቃል። ነርሷ ታውቃለች። እናቴ የምታጥበውን መሐረብ ሳታይ አትቀርም፤ እሷም ታውቃለች። ሾፌሩ እንኳ ባለፈው «ባልሽን አይተሽው ብትመለሺ ጥሩ ነው» ብሎኝ ነበር፤ ናፍቆኝ የሚል መስሎኝ ሳቅሁ። አንተ ስለ ቅናት ታወራልኛለህ? አሥራ ስምንት ዓመት ከጎንህ ተኝቼ፣ ስትተነፍስ የሆንከውን ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን የባሌን ሳል በጆሮው የሰማ፣ ደሙን በዓይኑ ያየ፣ ክንዱን ይዞ ክሊኒክ ያስገባ ሌላ ሰው ነው። ያ ቦታ የኔ ነበር። እንፋሎትን አግኝቼ አንገቱን ባንቀው ደስ ይለኛል፤ ከዚያ እግሩን ስሜ እነሳለሁ።

ደረትህን አሳየኝ እንድልህ ጠብቀህ ነበር። ልክ ነህ፣ ማለት ነበረብኝ። መጨረሻውን ረድፍ ላይ ተቀምጬ ስለ ሰው ሁሉ ሳንባ ስጮህ የቤቴን ሳል አልሰማሁም። ይህንን ማንም ሚኒስትር አይጠይቀኝም፤ ራሴን እየጠየቅሁ ነው።

አሁን ስማኝ። አትንቀሳቀስ። ረቡዕ ተራ ለምኜ እነሳና «መረጃው የኔ ስህተት ነው፣ ሠራተኛው ምንም አላጠፋም» እላለሁ። ውሸታም ይበሉኝ። እንፋሎት ይተርፋል፣ ቁጥር የተዋዋሱትም ይተርፋሉ። ደንቡ ባለበት ይቆያል፤ ይቆይ። ከዚያ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ። ትታው ትመጣለች ብለህ ፈርተህ ከሆነ፣ ልክ ፈርተሃል።

መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ። ብዙ ውኃ ጠጣበት። አስምሬበታለሁ።

ሚስትህ


ታኅሣሥ 1
ከሳንባ ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ

ለተከበሩት እመቤት፤

አትንቀሳቀስ ያልሽኝን ሁለት ጊዜ አንብቤው ነበር። ረቡዕ ሬዲዮውን ከበን ተቀመጥን፤ ዕጣው ለሌላ ሰው ወጣ፤ አፈ ጉባኤውም ከተራ ውጪ መናገር አይቻልም ብለው አስቀመጡሽ። እንፋሎት ሬዲዮውን ዘጋና «እንግዲህ እኔ ነኝ የምባረረው» አለ። እንደ ቀልድ ነበር ያለው።

ለምርመራው የመጣውን ትዕዛዝ ግን አነበብነው። «ሠራተኛ ቁጥር 312 ይቅረብ» ይላል እንጂ ስም የለውም። ሐሙስ ጠዋት እንፋሎት ቆርቆሮውን አውልቆ አንገቴ ላይ አጠለቀው። ሐኪሞቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው፣ ማንንም አያውቁም። የሚያውቀኝ የሰው ኃይል ሹሙ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ፣ ቁጥሩን አየ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወንድሙ ማበጠሪያ ክፍል እንደሆነ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ራጁን ያነበቡት ሽማግሌ ሐኪም መነጽራቸውን አወለቁና «እርስዎ እስካሁን እንዴት ቆመው ሠሩ?» አሉኝ። የቀረውን አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ሰምተሻል። ደንቡ ተነሳ። 312 በሚኒስትሩ ደብዳቤ ወደዚህ ተላከ።

እና ትናንት መጣሽ። አራት ጋዜጠኛ አስከትለሽ። ካሜራ ሲያወጡ አንሶላውን ዓይኔ ድረስ ሳብኩት። በሩ ላይ ስታይኝ ፊትሽ ምንም አላለም፤ ፖለቲካ አስተምሮሻል። እጄን በጣቶችሽ ጫፍ ጨብጠሽ «አይዞዎት ወንድሜ፣ በርቱ» አልሽኝ። እርስዎ! ከሄድሽ በኋላ የፎቁ ነርስ መጥታ በእንፋሎት ስም ጠራችኝና «የተከበሩት እመቤት ሲያዩዎት ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ባለቤታቸው ባይሰሙ ይሻላል» አለችኝ። እንደ ትናንት በዚያ ሰውዬ ቀንቼ አላውቅም። እሱ እዚያ ከሰሉን ያካፋል፣ እዚህ ሚስቴ በስሙ እጁን ትይዝለታለች። እጁ ደግሞ የኔ እጅ ነው። ሳቅሁ፤ ሲያመኝ ተውኩት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የፊታችን ሐሙስ ኦፕራሲዮን አለኝ። ከግራው ሳንባዬ የተበላሸውን ቆርጠው ያወጣሉ። ሐኪሙ አልደበቀኝም፤ ከአልጋው የሚነሳም አለ፣ የማይነሳም አለ። የቅርብ ዘመድ ካልፈረመ ግን ቢላ አይነካኝም። መዝገቡ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት፣ ወንድምና እህት የሌለው ነው።

መላ አግኝቻለሁ። ሾፌሩ «ወንድሙ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ» ብሏል፤ ከነገ ወዲያ ይመጣል። አንቺ እዚህ ድርሽ እንዳትዪ። ከእንግዲህ አንድ ሰው እውነቱን ቢያውቅ ወንበርሽ ይሄዳል፣ እንፋሎትም አብሮ ይሄዳል። ለኔ ይህ ይበቃኛል። አልቀናም። ይኸው ጻፍኩት፤ አልቀናም።

እናትሽን አደራ።

312


ታኅሣሥ 4

ባሌ ሆይ፤

ይህንን ነርሷ ትይዘውና ስትነቃ ትሰጥሃለች። አሁን አንተ ከሁለት በር ወዲያ ነህ፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴ ከተንቀጠቀጠ ወንበሩ ስለሚወዛወዝ ነው በል።

ሾፌሩ ትናንት መጥቶ ነበር። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ወንድም መስሎ። በር ላይ አግኝቼ መለስኩት። ተቆጣ፤ «እመቤቴ፣ ሁሉን ነገር ልታበላሺው ነው» አለኝ። ልክ ነው አልኩት።

ስምምነቱን የምታስፈርመዋ ጸሐፊ የታወቀች ናት፤ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ አታይም። «ከሕመምተኛው ጋር ያለዎት ዝምድና?» አለችኝ። ወረቀቱን አገላብጬ የእንፋሎትን ስም ሰረዝኩና የአንተን ከነአባትህ ጻፍኩ። ዝምድና በሚለው ላይ «ሚስት» አልኩ። ያኔ ቀና አለች። አወቀችኝ። «የተከበሩ፣ ተሳስተው ነው?» አለችኝ። አልተሳሳትኩም አልኳት። እስክሪብቶዋን ተቀብዬ ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩበት።

እውነቱን ሁሉ ለአፈ ጉባኤው ጽፌ አስገብቻለሁ። ከ312 ሌላ ማንንም ቁጥር አላነሳሁም። ቁጥሩን ያዋሰው ሰው አልቅሼ ስለለመንኩት ተገዶ ነው ብያለሁ፤ ውሸቷ ይህቺ ብቻ ናት፤ እንፋሎት ሲሰማ ይሳደባል፣ ይሳደብ። ሰኞ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። ወንበሩን ይወስዱታል፤ ስድስቱ ባልደረቦቼ ከአሁኑ ሰላም አይሉኝም። ደንቡን ግን መልሰው ማምጣት ይከብዳቸዋል፤ ራጁን ያነሱት የራሳቸው ሐኪሞች ናቸው፣ ሳንባውም የሰው ሳንባ ነው። እንፋሎት የማንም ይሁን የማን ብሎ የለ?

ትቆጣለህ። አውቃለሁ፣ አንተ ልታድነኝ ነበር። ግን እዚያ ገብተህ ሳትወጣ ብትቀር ሬሳህን የሚሰጡት ለሾፌሩ ነው፤ መቃብርህ ላይ የሚጻፈው የእንፋሎት ስም ነው፤ እኔ ደግሞ እንደ እንግዳ ሰው አበባ ይዤ ቆሜ «በርቱ» ልበል? ይህንን አንጀቴ አልቻለውም። ሰው ሁሉ ያስታመመህን እኔ ብቻ ሳላስታምምህ ከቀረሁ በኋላ፣ ይህንን ለማንም አልሰጥም። ለእንፋሎት አይደለም፣ ለአገሩ ሁሉ አይደለም።

አልቀናም ብለህ ጽፈሃል። አላመንኩህም፤ ደግሞም አልወደድኩትም።

በሩ ላይ ያለው መብራት አሁንም ቀይ ነው። ነርሶቹ ከዛሬ ጀምሮ በስምህ ይጠሩሃል። ንቃልኝ፤ ከዚያ በማን እንደምትቀና እናያለን።

ሚስትህ